ወረቀት የያዘውን አይለቅም

ባለፈው ቅዳሜ ሻይ እየጠጣን ሦስታችን በአንድ ፎቶ ተጨቃጨቅን። ፎቶው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ቦታው የእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ያርማውዝ የሚባለው የባሕር ዳርቻ። ወጣት ወንድና ሴት የከተማ ልብሳቸውን እንደለበሱ አሸዋው ላይ ተቃቅፈው ተጋድመዋል። ፎቶ እየተነሱ መሆኑን አያውቁም።

ያነሳቸው ፖል ማርቲን ይባላል። ፈረንሳይ ተወልዶ ለንደን ያደገ ሰው ነው። እንጀራው እንጨት ላይ ሥዕል መቅረጽ ነበር። ፎቶ ያኔ ለእሱ የትርፍ ሰዓት ፍቅር ነው። የካሜራው ስም በፈረንሳይኛ ሲነበብ «ፋሲል» ነው፤ የእኛን ፋሲል ቢመስልም ትርጉሙ «ቀላል» ማለት ነው። እንደ ዕቃ ጥቅል ብብቱ ሥር ሸጉጦት ይዞራል። ላየው ሰው መልእክት የሚያደርስ ነው የሚመስለው።

«ይሄ ሌብነት ነው!» አለ የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጃችን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ልጅቷን አባቷ ቢያያትስ?»

ከዚህ ሌላ የሚለው ነገር አልነበረውም። የቢሮ የጋራ ፎቶ ሲነሳ እንኳ ከሰው ጀርባ የሚደበቅ ሰው ነው። ተረቷን ግን ጠረጴዛ እየመታ ይደጋግማታል።

ሰርግ የምታነሳው ጓደኛችን ነገሩን ከሙያዋ አንጻር ያዘችው። «ስማኝ ወንድሜ፣ በፊት ፎቶ የሚያዘው መድኃኒት የተቀባ መስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ እርጥብ እያለ ነበር የሚነሳው። ሳይደርቅም እዚያው መታጠብ አለበት። አንሺው የጨለማ ድንኳኑን ተሸክሞ ነው ባሕር የሚወርደው። ድንኳን ያየ ሰው ደግሞ እንደ ወታደር ቀጥ ይላል።» ቤት ወስደው የሚያጥቡት ደረቅ መስታወት በ1870ዎቹ መጨረሻ ገበያ ሲወጣ ነው ነገሩ የቀለለው። በ1888 ደግሞ ኮዳክ የሚባለው ካሜራ መጣ። 25 ዶላር ነው፤ ውስጡ ያለው ፊልም 100 ፎቶ ያነሳል። ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል። በ10 ዶላር ፎቶው ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራው አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለሳል።

«ይባስ ብሎ!» አለ የሒሳቡ ሰው። «መቶ ሰው በአንዴ ተያዘ ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት...»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። እነዚያ ልጆች እኮ መሳፍንት አይደሉም። ለሠዓሊ የሚከፍሉት የላቸውም። የነሐሴዋ የሰኞ ዕረፍት ራሷ በሕግ የጸደቀችላቸው በ1871 ነው። ያችን ቀን ጠብቀው፣ ባቡር ተሳፍረው፣ አሸዋ ላይ የሚወድቁ ሠራተኞች ነበሩ። የንግሥት ቪክቶሪያን መልክ ለማወቅ ሺህ መንገድ አለ። የእነሱን ደስታ ግን ብብቱ ሥር ካሜራ የሸጎጠ ሰው ባያልፍ ማን ይነግረን ነበር? ቢያስፈቅዳቸው ደግሞ ተነስተው አሸዋቸውን አራግፈው ይቀመጡ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም? እሰይ! ደግ አደረገ ወረቀት!

«ፈቃድስ?» አለ። ጥያቄው ጥያቄ ነው። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስማቸውን አናውቅም፤ አላፈርንባቸውም፤ አይተን ወደድናቸው እንጂ። በእኔ ፍርድ ማርቲን ሌባ አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የእኛ ነው። እናቴ ሦስት ፎቶ ነው ያላት። አንዱ ፎቶ ቤት፣ የተሳለ አበባ ፊት፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። አንዱ ለመታወቂያ። አንዱ በእህቴ ሰርግ፣ ዘመድ ተሰልፎ። ቡና ስትቆላ የለችም። ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፋ ስትስቅ የለችም። ካሜራ ያለው ሰው ሹም፣ ሙሽራና ተመራቂ ብቻ ነበር የሚታየው። የአዘቦት ቀን ለእኛ ቀን አይደለም እንዴ? አዘቦታችንን ማን ናቀብን? እኛው ነን።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ካሜራ ኪሱ ውስጥ አለ። አጋጣሚውን ሁሉ ያነሳል፤ የሚያሳትም ግን የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ስልክ ግን ይለቃል። «ወፌ ቆመች» እያልን ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችበትን ዕለት አንስቼው ነበር። አምና ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ አብሮ ሄደ። ወረቀት ላይ አላወጣሁትም ነበር።