ሃይላንድ ይዘሻል?

ጅማ ያላችሁ ስሙኝማ፣ ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ።

ትኋን ሁለት ወር እንቅልፍ ነሳን። አልጋ ፈታን፣ በፈላ ውሃ አጠብን፣ ወይ ፍንክች። ሐሙስ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወጣሁ። «የትኋን መድኃኒት አለ?» ስለው ልጁ ቀና ሳይል «ሃይላንድ ይዘሻል?» አለኝ። አልያዝኩም። ከባንኮኒው ስር ባዶ ሃይላንድ አወጣና ከቢጫ ጀሪካን እስከ ግማሽ ቀዳልኝ። እጁ ላይ ሲፈስ ሱሪው ላይ ጠረገው። ስሙ ምንድን ነው ብለው «የትኋን ነው፣ ለጎመንም ይሆናል። አንድ ክዳን ለባልዲ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቤት ገብቼ ባልዲ ውስጥ ጠብ ሳደርገው ውሃው ቁርጥ ወተት መሰለ። ጓንት አላደረግኩም፣ አዎ፣ የኔ ሞኝነት። ስልክ ጠራ፣ ዞር አልኩ። ስመለስ የአራት ዓመቷ የአከራዬ ልጅ ኩባያዋን ይዛ ባልዲው ጋ ቆማለች። «ወተት?» አለችኝ። እግሬ ከዳኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሳነብ አደርኩ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው የፀረ ተባይ ዘር ነርቭን ነው የሚይዘው። ምራቅ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የዓይን ብሌን የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥራል። በቆዳም ይገባል። ማላታይንና ፓራቲዮን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ፓራቲዮንን እጅግ አደገኛ ከሚላቸው ተርታ ሲያስቀምጥ ማላታይንን ብዙ ዝቅ አድርጎታል። የኔ ሃይላንድ ውስጥ ያለው የቱ ነው? ልጅቷ ጠጥታ ቢሆን ሐኪሙ «ምን ጠጣች?» ሲለኝ «የትኋን» ልለው ነው? በ2013 በፈረንጆቹ፣ ህንድ ቢሃር ውስጥ 23 ተማሪዎች የትምህርት ቤት ምሳ በልተው ሞቱ። ምግቡ ውስጥ የተገኘው ሞኖክሮቶፎስ የሚባል የዚሁ ዘር መርዝ ነው። ዘይቱ የተቀመጠው መርዙ በነበረበት ዕቃ ነው ተባለ። እኛ ደግሞ ገልብጠነው መርዙን የውሃ ዕቃ ውስጥ እንከታለን።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ስንት ዓመቱ! ያልተመዘገበ አይሸጥም ይላል። ይመዝገብ እሺ፣ ግን ስሙ ጀሪካኑ ላይ ቀርቶ እኔ ቤት ስም አልባ ሆኖ ከገባ ምን ዋጋ አለው? ሥጋ ቤት ገብቶ ነጭ ጋውን የታለ ብሎ የሚቆጣ ተቆጣጣሪ እዚህ ሱቅ በር ላይ ሲያልፍ ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው። በልጁ እንኳን አልፈርድም፣ ሲቀዳ የሚውለው በባዶ እጁ ነው፣ ከኔ ይልቅ ለሱ ነው የምፈራው።

በሳምንቱ ልነግረው ሄድኩ። ገና ሳየው ፈገግ አለ፦ «አለቀ እንዴ እህቴ? ሃይላንዱን አምጪዋ!»