ሆዷን ነው ያመማት ወይስ ሆድ ብሷት?

አክስቴ ስምንት ወር ሙሉ «ሆዴን» ስትል ከረመች። ደሴ ውስጥ ያልሄደችበት ክሊኒክ የለም ማለት ይቻላል። ደም ሰጠች፣ ሰገራ ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ታየች። «ጨጓራ ነው» ተብሎ የታዘዘላት መድኃኒት ለጥቂት ቀን ያስታግስላትና ሕመሙ ይመለሳል። በመጨረሻ አንዱ ጋ «ምንም የለብዎትም፣ ይሂዱ» ተባለች። ያን ቀን ቤት ስትገባ ፊቷን አልረሳውም። የሚያመው ሰው «ምንም የለብህም» ሲባል ውሸታም የተባለ ያህል ነው የሚሰማው።

ነገሩ የተገለጠው ጎረቤት ቡና ላይ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት «ከመቼ ወዲህ ነው ያመመሽ?» አሏት። አክስቴ ዝም አለች። ቆይታ አለቀሰች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ቤቱን ትቶ አልሄድም ብሎ ቀረ። እዚያው አረፈ። መርዶውን የሰማነው ዘግይተን፣ በሰው በሰው ነው። ድንኳን አልተጣለም፣ ሰልስት አልወጣም፣ ደረት የመታ የለም። ከተማው በኅዳር መጨረሻ ነፃ ሲወጣ ተመለስን። አክስቴ መቃብሩን አየች፣ ቤቷን ጠረገች፣ ኑሮዋን ጀመረች። ሆዷን ማመም የጀመራት ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራ ባደረገችባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

አማርኛችን ግን ያውቀዋል። ሐዘንን የምናስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሰናል፣ ሆዳችን ይባባል። ርኅራኄን አንጀት ውስጥ አድርገናል፤ «አንጀቴን በላው» እንላለን። ማስተዋልን ደግሞ ለልብ ሰጥተናል፤ «ልብ በል» እንላለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሰው ሲያዝን የቱ ጋ እንደሚያመው አይተው ነው እንዲህ ያሉት።

ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከአንጎል ሥር ይነሳና በአንገት በኩል ወርዶ፣ ልብንና ሳንባን ነክቶ፣ ጨጓራና አንጀት ድረስ ይዘልቃል። መልእክቱ ወደ ታችም ወደ ላይም ይሄዳል። ስለዚህ ሐዘኑን የዋጠ ሰው ሆዱን ቢያመው ማስመሰል አይደለም። ደግሞም ረጋ ብለን ስንተነፍስ፣ በተለይ አወጣጡን ረዘም ስናደርገው፣ በዚሁ ነርቭ በኩል የልብ ምት ቀስ ይላል።

ሰሞኑን ስልካችን ላይ «አካልን፣ አእምሮን፣ ልብንና ነፍስን ማዋሃድ» የሚሉ ሥልጠናዎች በዝተዋል። ዮጋ፣ ሜዲቴሽን፣ የአተነፋፈስ ልምምድ። አልቃወምም። የጠቀማቸው ሰዎች አውቃለሁ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ወሎ ውስጥ ተቀምጠን ይህን እንደ አዲስ ግኝት መስማታችን።

መንዙማ ሲባል ተቀባዩን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ድቤው ይመታል። ትከሻ ከትከሻ ይነካካል። ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ይቀበላል። ያ ትንፋሽ ረጅም ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ፊቱ ይፈታል። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ ሥራ አስቁሞ ግንባርን መሬት ያስነካል። በሕማማት ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድ ሰው ጉልበቱ እስኪዝል ይወድቃል ይነሳል፤ አፉ «ኪርያላይሶን» ይላል፣ ልቡ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። አንድም ክፍሉ ከውጭ አልቀረም። ቡናውም እንዲሁ ነው። ወሎ ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም። ጭሱ ይጨሳል፣ ትልቁ ሰው ይመርቃል፣ ሌላው «አሚን» ይላል። አቦል ላይ ወሬ ነው፣ ቶና ላይ ጨዋታው ይሞቃል፣ በረካ ላይ ሰው የሆዱን ያወጣል። አክስቴም ያለቀሰችው በረካ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። በዱዓ ላይ የሚቃመውን ጫት ከዚህ አልቆጥረውም። ዱዓው መልካም፣ አብሮ መቀመጡም መልካም። ነገር ግን ጦርነት አይቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሰዓቱን ሙሉ ቅሞ ሌሊቱን ሲያፈጥ ማደሩ ያባብስበታል እንጂ አያድነውም። ይህን ስል ቅር የሚለው ወዳጅ እንዳለኝ አውቃለሁ። ስለምወደው ነው የምለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለን ለምን ታመምን? ከፋፍለነው ነው። ገላችንን ለሐኪም ሰጠን፣ ነፍሳችንን ለቄስና ለሼህ፣ ልባችንን ግን ለማንም አልሰጠንም። ሐኪሙ ጸበል መሄዳችንን ቢሰማ ይቆጣል ብለን እንደብቀዋለን። ጸበል ስንገባ ደግሞ ክኒኑን እንጥላለን፤ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ይመስለናል። ይህ ሰው ይገድላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በድንገት ያቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያየ ያውቀዋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። በእስልምናም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ የሚናገር ሐዲስ አለ። ምረጡ ያለን የለም። ራሳችን ነን ያጣላናቸው።

አክስቴ ሁለቱንም አደረገች። መጀመሪያ ሐዘኑ ወጣ። ጎረቤቶቻችን ዕድሩን ጠይቀው ለአንድ ቀን ድንኳን አስጣሉ። ዘግይቶ ነው፣ ግን ተለቀሰ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ደሴ ነውና ይህ አያስገርምም። አልቃሿ አጎቴን በስሙ እየጠራች አወጣችው። አክስቴ ያን ቀን ደረቷን መታች፣ ወደቀች፣ አነሷት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። «እብድ ነኝ እንዴ?» አለችኝ በመንገድ ላይ። አይደለሽም አልኳት። ባለሙያው መድኃኒት ጀመረላት፣ እየተመላለሰች እንድታወራውም ቀጠሮ ሰጣት። በየጠዋቱ እንድትራመድም አዘዛት። አሁን ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ወደ ጦሳ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ጥቂት ወጣ ብለው፣ ጉሙ ከከተማው ላይ ሲነሳ አይተው ይመለሳሉ።

ልባችን የሚያዝንለት ሌላም ሰው አለ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከገጠር መጥተው እዚያ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። በፈረቃ ይሠራሉ፣ ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ማን ነው «ከመቼ ወዲህ ነው ያመመሽ?» የሚላቸው? ራስ ምታት ብለው የሚመጡ፣ ወገቤን ብለው የሚመጡ ልጆች ስንቱን ተሸክመው ይሆን? በየሰፈሩ ያላችሁ እናቶች፣ ቡናው ሲፈላ እነዚህን ልጆች ጥሯቸው። በወር አንዴም ቢሆን።

ለጤና ባለሙያዎቻችንም ልመናዬ አንድ ጥያቄ ነው። ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «ምንም የለብዎትም» ከማለት በፊት «ሕመሙ ሲጀምርዎ ቤትዎ ምን ሆኖ ነበር?» በሉ። ጸበልም ዱዓም እንደሚሄዱ ሳትቆጡ ጠይቁ። ካህናትና ሼሆችም «መድኃኒትህን ይዘሃል?» በሉ።

አክስቴ ክኒኗን የምታስቀምጠው ረከቦቱ ላይ ነው፣ ከስኒዎቹ አጠገብ። እንዳትረሳው ነው። ስትረሳው ያቺ የሰፈራችን እናት «አንቺ፣ መድኃኒትሽ!» ይሏታል፤ ውጣ ስትጨርስ ይመርቃሉ። እኛም «አሚን» እንላለን።