ማስተካከያ፦ የላይብረሪ ስም መቀየር መፍትሔ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሊኑክስ ለሚማሩ ልጆች የተሳሳተ ነገር ነግሬያቸዋለሁ። ፕሮግራሙ «ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1 የለም» ካላችሁ (ይሄ መረጃ የሚመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል ነው)፣ ያለውን ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.3 በ1.1 ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) አድርጉት ብዬ ነበር። እንዳታደርጉት። ይቅርታ።

ትናንት አንዱ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ጠባሴ ድረስ መጣ። እንዳልኩት አድርጓል፣ ፕሮግራሙ ግን አሁንም አልነሳም፤ ጭራሽ «ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚባል ቨርዥን አላገኘሁም» ይላል። እውነቱን ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው 3 ነው።

ስሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ሌላ ላይብረሪ፣ ሊብዜድ.ኤስኦ.1 የሚለውን እንደ ምሳሌ እንይ። ይሄ ስም ሶኔም ይባላል። ላይብረሪው ውስጥ ተጽፏል፣ ፕሮግራም ሲሠራም ሊንከሩ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪው ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ይህንኑ ስም ገልብጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚፈልገው በዚያ ስም ነው። ፋይሉ ከ1.2.11 ወደ 1.2.13 ቢያድግ ሶኔሙ ያው 1 ነው፤ ኤልዲኮንፊግ የሚባለው ትእዛዝ ሲምሊንኩን ወደ አዲሱ ያዞረዋል፣ ፕሮግራሞቹም እንደነበሩ ይሠራሉ። ሶኔሙ የሚቀየረው የድሮ ፕሮግራሞች ከአዲሱ ጋር የማይግባቡ ሲሆን ነው። በሊብኤስኤስኤል ከ1.1 ወደ 3 የተደረገው ይሄ ነው።

ስማቸው ስለሚለያይ ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ። ግን የ1.1 ነጻ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ስላበቃ፣ ኮዱ እጃችሁ ላይ ካለ ፕሮግራሙን ከ3 ጋር እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ከኮዱ መሥራት) ይሻላል።

ሲምሊንኩን የሠራችሁ ዛሬውኑ አጥፉት፣ ከዚያ ተርሚናል ላይ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ (ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬደዋል)።