29 ኪሎ ክብር

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የምጫወተው ደግሞ ጊታር ነው፤ አምፔ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ባለ ስፒከር ሳጥን፣ የፌንደር ኩባንያው ትዊን ሪቨርብ ነው፣ 29 ኪሎ። ድምፁን የማያደንቅ ጊታሪስት አላጋጠመኝም። ደረጃ ላይ አንድ ጎኑን የሚይዝልኝ አድናቂም እንዲሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁሌ አስቀምጬው አርፋለሁ። እማማ በራቸውን ከፈት ያደርጉና «ዛሬም ፍሪጁን ይዘኸው ወጣህ?» ይሉኛል።

ትዊን በፈረንጆቹ 1963 የወጣ ነው። ውስጡ 10 ቲዩብ አለው። አምፖል የመሰሉ የመስታወት ዕቃዎች ናቸው፤ እንደ ጀበና ካልጋሉ ሥራ የለም። ሲቃጠሉ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይፈለጋል። አንዴ በካልሲ ተጠቅልሎ መጣልኝ። ካልሲው ደህና ነበር።

አምና ወገቤ ሲብስበት ሞዴለር ገዛሁ። ቲዩቡና ስፒከሩ የሚሠሩትን በስሌት የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር በሏት። ከጊታር ወደ እሷ፣ ከእሷ ቀጥታ ወደ ሚክሰር። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ነገሩ አዲስ እንኳ አይደለም። ላይን 6 የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1998 ፖድ የምትባል፣ የበግ ኩላሊት የመሰለች ቀይ ዕቃ አውጥቶ ነበር።

«ተገላገልኩ» አልኳቸው እማማን። እልል አሉልኝ።

የመጀመሪያው ሰርግ ላይ ቦርሳዬን አንግቼ ገባሁ። የሙሽራዋ አጎት አዩኝ።

«ዕቃህስ?»

«ይቺው ናት ጋሼ።»

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ትልቅ ነገር ይዘህ አልነበር እንዴ?»

ስለ ስሌቱም ስለ ሶፍትዌሩም አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «እንግዲህ ዕቃው ካነሰ ሒሳቡም ያንሳል» አሉ።

የገረመኝ ኪቦርዲስታችን ነው። ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ ከበሮውን ከአንድ ኪቦርድ ሲያወጣ «የታል ማሲንቆህ?» ያለው ሰው የለም። እርግጥ አንድ ሰው ነበር። «ነፍስ የለውም!» ብዬ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁን ሒሳቤ ሲቆረጥ እያየ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል።

ለቀጣዩ ሰርግ መላ መታሁ። ትዊኑን መድረክ ላይ ከኋላዬ ገተርኩት። ውስጡን አውጥቼ ባዶ ሳጥኑን ልውሰድ ብዬም ነበር፤ ልቤ አልቆረጠልኝም። የተጫወትኩት በትንሿ ነው። ትዝታ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ መድረክ ድረስ መጡና ሳጥኑን መታ መታ አደረጉት። «ድምፅ ማለት እንዲህ ነው! የድሮ ዕቃን ምን ያህለዋል!» የትዊኑ ሶኬት መሬት ላይ ተጋድሟል። በጫማዬ ከለልኩት።

የሐበሻ ነገር እንዳትሉ። ፌንደር ራሱ በፈረንጆቹ 2019 ዲጂታል ትዊን ሠርቷል። ክብደቱ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ነው፤ ሳጥኑና የፊቱ ጨርቅ ግን ቁርጥ የድሮው። ፈረንጅም ጆሮው ዓይኑ ላይ ነው።

ሰርጉ ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። ትዊኑ በእጄ፣ ትንሿ በጀርባዬ፣ ደረጃውን ተያያዝኩት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጬ ስተነፍስ በሩ ከፈት አለ።

«ልጄ፣ ትንሽ ገዝቼ ተገላገልኩ አላልከኝም?»

«ገዝቻለሁ እማማ። ያቻት፣ ጀርባዬ ላይ።»