«አርፈው ይቀመጡ» ለምትሉ ልጆች

የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁም፣ መንዝ ያላችሁም፣ አዲስ አበባና አረብ አገር የገባችሁም፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው።

ሽማግሌ አክባሪዎች ነን እንላለን። ጉልበት ስመን እንመረቃለን፣ መቀመጫ እንለቃለን። ታዲያ እማማ እንዝርታቸውን ሲያነሱ «ኧረ ይተዉት፣ ዐይንዎን ይጎዳዎታል» ብለን የምንቀማቸው ምን ሆነን ነው? አባባ ጓሮ ሊኮተኩቱ ሲነሱ «ሰው ምን ይለናል?» የምንለውስ? ከዚያ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተን እንደ ገብስ እናሰጣቸዋለን። ገብሱን እንኳ የሚያገላብጠው አለ።

አትሳሳቱ፤ ያረጀ ሰው ሥራ ስላቆመ አያርፍም። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ እግሩ ሚዛን ያጣል፣ አንድ ቀን ደፉ ላይ ይወድቃል። ዳሌው ከተሰበረ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አይሆንም። እኛም «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን እንገላገላለን።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ሙያ አለ። ሰው አቅሙ ቢቀንስም መልበሱን፣ ማብሰሉን፣ ገበያ መውጣቱን በራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ነው። አገራችን ውስጥ ባለሙያው ገና ጥቂት ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምሯል። በዚህ ሙያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ፍሎረንስ ክላርክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ነው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 361 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ከባለሙያ ጋር ለ9 ወራት የራሳቸውን ውሎ መረመሩ፦ ምን መሥራት ይወዳሉ፣ ምን ያስፈራቸዋል፣ አውቶብስ እንዴት ይሳፈራሉ፣ ቤታቸው ውስጥ እንዳይወድቁ ምን ይደረግ። ሁለተኞቹ ተሰብስበው ፊልም አዩ፣ ተጫወቱ፣ ጨፈሩ። ሦስተኞቹ ምንም አልተደረገላቸውም።

በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ በጤናም በኑሮ እርካታም በልጠው ተገኙ። ሁለተኞቹ ግን ምንም ካልተደረገላቸው ሰዎች አልተሻሉም!

እኛ የትኛውን ነው የምናደርገው? ለገና እንመጣለን፣ ዶሮ ይሠራል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ከእማማ ጋር ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ደስ ይላል፣ አልነቅፍም። ግን ያው ሁለተኛው ቡድን ነው። ከዓመታት በኋላ በ460 አረጋውያን ላይ በተሠራው ተከታይ ጥናትም፣ እንደ መጀመሪያው ቡድን ከባለሙያ ጋር ውሏቸውን የመረመሩት ሰዎች ድብርታቸው ቀንሷል፣ የሕይወት እርካታቸው ጨምሯል። የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸውን ግን አላሻሻለውም። እንግዲህ ተአምር አልጠብቅ፤ ያለውን ግን ለምን እንከለክላቸዋለን?

ስለ ስልኩማ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ስማርት ስልክ ትልካላችሁ፤ እሱም በዳንቴል ተሸፍኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። እማማ ልንካው ሲሉ «ይስጡኝ፣ እኔ ልደውልልዎ» ይባላሉ። ፊደሉን አጉሉላቸው። የልጆቹን ፎቶ ከፊት አውጡላቸው፣ ፎቶውን ሲነኩ ይደውል። የደም ግፊት ኪኒን መዋጫው ሰዓት ላይ ደወል ሙሉላቸው። ከዚያ እጃችሁን አንሱ፣ ራሳቸው ይሞክሩት፤ ቢሳሳቱ ስልኩ አይፈነዳ።

ቴክኖሎጂ ሲባል ደግሞ ስልክ ብቻ አይደለም። ከዘራም መሣሪያ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ መያዣው የእጅ አንጓቸው ጋ ይድረስ፤ ከረዘመ ቁረጡት። ሽንት ቤት ውስጥ የሚይዙት እንጨት በደንብ ይተከል። ሌሊት ሲወጡ የሚያበራ የሶላር መብራት ይኑር። የደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ የሚያንሸራትት ጫማ ምን ይሠራል?

ከሁሉ በፊት ግን ጠይቋቸው። ሰንበቴ መሄድ ከሆነ የናፈቃቸው፣ መንገዱ ላይ የሚያርፉበት ድንጋይ ይደላደል። ባና ለማሠራት ሱፍ መፍተል ከሆነ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሰጣቸው። እድሮቻችንም ይስሙ፦ ድንኳኑና ወንበሩ ሰው ሲሞት ብቻ መውጣት አለበት ያለ ማነው? ከመዋጮው ላይ ትንሽ ተነስቶ በየሽንት ቤቱ መያዣ ቢተከል የትኛው አባል ይቃወማል?

ለሚመጣው በዓል ጋቢ አታምጡ፤ ጋቢው ሞልቷል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ኑ፣ ምስማርና መጋዝ ይዛችሁ።