ሃይፐርካርድን ማስታወስ ለምን ይጠቅማል

በዛሬው ገበያ “ኢንተራክቲቭ” የሚባለው የትምህርት ሶፍትዌር ልጁ የሚነካካው እንጂ የሚሠራበት አይደለም። ሌላ ሰው ያዘጋጀለትን መልስ ይመርጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ያልፋል። ከዚህ የተሻለ ነገር ከብዙ ዓመታት በፊት በእጃችን እንደነበረ ማስታወስ ይገባል እላለሁ።

የአፕሉ መሐንዲስ ቢል አትኪንሰን በ1987 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃይፐርካርድ የተባለውን ሶፍትዌር አወጣ። ለኩባንያው ያስረከበው ከእያንዳንዱ አዲስ የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ጋር በነጻ እንዲሰጥ ተስማምቶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ካርድ ይታያል፣ ካርዱ ላይ ጽሑፍ፣ ሥዕልና ቁልፍ ይቀመጣል። ቁልፉን ሲጫኑት ሌላ ካርድ ይመጣል ወይም ድምፅ ይሰማል። ዋናው ቁም ነገር ግን ማንም ተጠቃሚ ቁልፉን ከፍቶ ከውስጡ ያለውን ትእዛዝ ማንበብና መለወጥ መቻሉ ነው። ዳን ዊንክለር ያዘጋጀው ሃይፐርቶክ የተባለው ቋንቋ ለተራ እንግሊዝኛ የቀረበ ስለነበር ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ መምህርም የራሱን ትምህርት መሥራት ቻለ።

ካርዱ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር፤ ስፋቱም 512 በ342 ነጥብ። በዚያች ጠባብ መስኮት የተሠራው ሥራ ግን ያስደንቃል። በ1989 ቮያጀር የተባለው ኩባንያ ከሙዚቃ ምሁሩ ሮበርት ዊንተር ጋር የቤትሆቨንን 9ኛ ሲምፎኒ አቀረበ። ሙዚቃው ከሲዲ ሲሰማ ማብራሪያው በካርዶቹ ላይ እኩል ይሄዳል፤ አድማጩ የፈለገው ቦታ ላይ አቁሞ ደግሞ መስማት ይችላል። በ1993 የወጣውና በሚሊዮኖች የተሸጠው ሚስት (Myst) የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታም መጀመሪያ የተሠራው በሃይፐርካርድ ነው።

ከዚያ በሩ ጠበበ። ሶፍትዌሩ ክላሪስ ወደተባለው የአፕል እህት ኩባንያ ተዛወረ፤ ሙሉው መሥሪያ በገንዘብ ሲሸጥ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው በአብዛኛው ለማየት የተዘጋጀ ቅጂ ሆነ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፤ በ2004 ሽያጩ ጨርሶ ከመቆሙም ይብሳል። ያኔ ተመልካችና ሠሪ ተለያዩ።

ሃይፐርካርድን የገደለው ድረ ገጽ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ አትኪንሰን ራሱ ካርዶቹን በኔትወርክ ማገናኘት እንዳልታየው ኋላ ላይ ተናግሯል። ነገር ግን የድረ ገጽ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በ1990 የሠራው የመጀመሪያው ብራውዘርም ገጽ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን መጻፊያም ነበር። በ1993 በዓለም የተሰራጨው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ሲመጣ መጻፊያው ቀረ። ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ አቅም ሳይሆን የአምራቾች ምርጫ ነው፤ ምርጫ ከሆነ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

ለትምህርት ቤት ታብሌትና ሶፍትዌር የሚገዙ ኃላፊዎች ከዋጋውና ከስክሪኑ ጥራት በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፤ መምህሯ ትምህርቱን ከፍታ አንድ ጥያቄ መቀየር፣ የራሷን ሥዕልና ድምፅ መጨመር ትችላለች? ተማሪውስ? የማይቻል ከሆነ አይግዙ። ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል ቤተ መዛግብት ከ2017 ጀምሮ በብራውዘር እንዲከፈቱ ያደረጋቸውን የሃይፐርካርድ ሥራዎች ገብተው ይመልከቱ፤ ቁልፎቹንም ከፍተው ያንብቡ።