ቱንቢው ይርጋ

ደሴ ውስጥ ፍሪሜሰን የሚል ቃል ከተነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ኢሉሚናቲና ወደ ሰይጣን አምልኮ ይዞራል። በቅርቡ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ያየውን እየተረከ እልፍ ሰው ሲያስደነግጥ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ቆጨኝ።

ሜሰን ማለት ግንበኛ ማለት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 1717 ሎጅ የሚባሉ አራት የፍሪሜሰን ማኅበር ቅርንጫፎች ለንደን በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ መሠረቱ። የግንበኛን መሣሪያ ወስደው የጠባይ ማረሚያ አደረጉት፦ የማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ቅን ሥራ፣ ውሃ ልኩ እኩልነት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር፣ ቱንቢው፣ ቀጥ ብሎ መኖር፣ ያልተጠረበው ድንጋይ ደግሞ ገና ያልታረመ ሰው ነው። ባለ 24 ኢንች መለኪያቸው ቀኑን ሦስት ቦታ ይከፍላል፤ አንዱ እጅ ለፈጣሪና ለተቸገረ ሰው፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለእረፍት።

እኔ አባል አይደለሁም፤ የመሆን ሐሳብም የለኝም። በምስጢር መሐላ የታጠረና በአብዛኛው ሴት የማያስገባ ማኅበር አይሆነኝም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ከ1738 ጀምሮ ምዕመናኗን ከልክላለች። ትምህርቱን ለመኖር ግን ሎጅ መግባት አያስፈልግም፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ጌታ ቱንቢ ይዞ ይታያል። ቁርኣንም በሱረቱ አር-ራሕማን ሚዛን እንዳናጎድል ያዛል።

ዓምና ከጦሳ ተራራ ግርጌ የግቢዬን አጥር ሳስገነባ «ዝናቡ ሳይደርስብን» እያልኩ ግንበኛውን ስወተውት ከረምኩ። አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ቱንቢውን ከላይ ለቀው እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ። ክሩ ይወዛወዛል።

«ደርሷል እኮ አባባ» አልኳቸው።

«ገና ነው ልጄ፤ ይርጋ።»

ሲረጋ ግንቡ ወደ ውጭ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ተገኘ። በዓይን ቢያዩት ምንም አይታወቅም። ያለ አንድ ቃል ሁለት ረድፍ አፈረሱ፤ የዚያን ቀን ሒሳብም አልቀበልም አሉኝ።

ውሃ ልኩን ሲይዙማ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ውሃ የሞላ ብርሃን አስተላላፊ ጎማ ነው። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን ረዳታቸው ይይዙታል፤ ለብቻ አይለካም። ረዳቱ ከታች በኩል ቢቆምም ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። የወሎ ቅሬ፣ የለቅሶ መረዳጃ እድራችን፣ ለእኔ ይህን ይመስለኛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ተቀምጠው የሞተባቸውን ያጽናናሉ፤ መዋጮውም ለሀብታምና ለድሃ አንድ ነው። ፍሪሜሰኖች ወንድማዊ ፍቅር፣ እርዳታና እውነት የሚሉት ሦስት ቃል አላቸው። ሁለቱን ቅሬያችን አሟልቶ ይዟል። የምንጎድለው በሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከራሴ ጀምሮ።

አጥሩ በተሠራበት ሳምንት የቅሬ ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤቴን የመዋጮ ገንዘብ አጉድሏል ብዬ በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ከሰው የሰማሁት እንጂ መዝገብ አላየሁም። መዝገቡ ሲታይ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እነዚያ አዛውንት ለአንድ ጣት ስህተት ግንብ ሲያፈርሱ አይቼ፣ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። በሚቀጥለው ስብሰባም ያንኑ በሰው ፊት ደገምኩት። ባለቤቱ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። እሱ ግን እስከ ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ አያናግረኝም።